አራት ጣት እጥፋት

ጥቅምት 8

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ ላብዛልህ፤ ኋላ ስቆጣ እንዳልረሳው። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ቁልፍ ሰፊያችንስ ዛሬም ከአንተ ጋር እየተነታረከች ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከደብዳቤህ በቀር ያመመኝ ነገር የለም።

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ያውም የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ሰሞን፣ መቀሴን አስቀምጬ የማላውቃቸውን የሰው አገር ልጆች ላገለግል መሄዴ ማንን ለማስደነቅ እንደሆነ ነው የጠየቅኸኝ። ማንንም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለልጆች ልብስ ሰፍቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጁ ለብሶት ሲሮጥበት አይቼ አላውቅም። እንለካለን፣ እንቆርጣለን፣ እንሰፋለን፣ በፌስታል አድርገን እናስረክባለን፤ አለቀ። ማየት አማረኝ። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በልጆች ማሳደጊያ በነጻ የሚያገለግል ባለሙያ እፈልጋለሁ ሲል እጄን አወጣሁ። የመቆያ ፈቃዴ የስድስት ወር ነው፣ መጋቢት ሲያልቅ ያበቃል። በአንድ ገጽ ላይ «ተመለሺ» የሚለውን አምስት ጊዜ ጽፈኸዋል፤ ቆጥሬዋለሁ። አልመለስም።

ለምን አትደውይም ላልከው፣ ስልኩ ያለው የማሳደጊያው ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አንተ ደግሞ ስልክ ስትይዝ ትጮሃለህ። ደብዳቤ ይሻለናል።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገርህ። ልጆቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አሥራ አንድ። ረጅም ኮሪደር አለ፣ በግራና በቀኝ መኝታ ክፍሎች፣ ጫፉ ላይ የእኔ ግዛት የሆነው የልብስ ማጠቢያ ክፍል። ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ እግሯ የሚንቀጠቀጥ አንዲት የስፌት መኪና፣ እንዲሁም በወሬ የማትጠገብ አንዲት አጣቢ አሉኝ፤ ከምታወራው ሩቡን እንኳ አልሰማላትም። ግድግዳውን ሞልተው ደግሞ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር የተጻፈባቸው መደርደሪያዎች አሉ። ልጆቹ በየጠዋቱ ተሰልፈው ይመጡና እያንዳንዱ በልኩ ካለው መደርደሪያ የደረሰውን ያነሣል። ዛሬ አንዱ የለበሰውን ሹራብ ነገ ሌላው ይለብሰዋል። የእኔ የሚለው ካልሲ ያለው ልጅ የለም። ኃላፊዋን በስብርባሪ እንግሊዝኛዬ ስጠይቃት «እዚህ ማንም ከማንም አይበልጥም» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከሁሉ ቀድማ ገብታ ከሁሉ ኋላ የምትወጣ ናት። ግን ወንድም ጋሼ፣ አንዲት ልጅ ሹራቧን እንዳይወስዱባት ትራሷ ሥር ስትደብቀው አይቼ አንጀቴ አረረ።

ይህችን ልጅ «ወይዘሪት» ብያታለሁ። ሰባት ዓመቷ ነው። አትሮጥም፣ አትጮህም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ባለሥልጣን ሚስት ጥግ ላይ ቁጭ ትላለች። ሁልጊዜ ይበርዳታል። ሁሉም «ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም» ይሏታል።

እንግዲህ የምፈልገው ለሃያ ሦስቱም የየራሳቸው ልብስ እንድንሰፋ ነው። መጋዘን ውስጥ የቀረውን ሰማያዊ ጨርቅ አውጣው። በቋንቋቸው የማውቀው «ቁም፣ ዙር፣ እጅህን ዘርጋ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ በአባባ ዘዴ ነው የለካኋቸው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ሲባጎ። ርዝመቱ ከትከሻ እስከ ጉልበት ነው፣ የመጀመሪያው ቋጠሮ ወገብ፣ ሁለተኛው እጅጌ፣ ሦስተኛው የደረት ዙሪያ። በስም ፈንታ ጫፉ ላይ ልጁ ራሱ የመረጠውን ቁልፍ አስሬበታለሁ፤ ጥንዱን እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ። ወይዘሪት ለመለካት እሺ ያለችው በሦስተኛው ቀን ነው። የመረጠችው ትልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ነው፤ መዳፏን ሊያክል ምንም አልቀረው።

አንተ እንቢ ካልክ ሲባጎዎቹን ለቁልፍ ሰፊዋ ስጣት።

እህትህ


ኅዳር 14

ይድረስ ለእታለሜ፣

ይህ የቁልፍ ሰፊያችን የእጅ ጽሕፈት ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። መቀስ ጣቴን ጨረፍ አድርጎኝ ነው፤ እንዳትጨነቂ።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ የአባባን ቋጠሮ ማንበብ ረስቼው እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ስድብ መሆኑን ታውቂያለሽ? ፊደል ሳይቆጥር ስንቱን ሙሽራና ስንቱን ዳኛ ያለበሰ ሰው ልጅ ነኝ። ሃያ ሦስቱንም ሲባጎ በአባባ ሚስማር ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ቆርጬም ጨርሻለሁ፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ ይላክልሻል። አንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ የቆረጥኩ እንዳይመስልሽ። ጨርቁን ብል ሊበላው ነበር።

ቀሚሱም ቁምጣውም ከታች አራት ጣት እጥፋት አለው። ልጅ ያድጋል። ሲያድግ እጥፋቱን ፈተሽ ታስረዝሚለታለሽ። የመረጡትን ቁልፍ ጥንድ አንገትጌው ውስጥ ስፊበት፤ ማንበብ የማይችለውም ልብሱን ዳብሶ ያገኘዋል። ደግሞ በአራተኛው ወር እንደገና ለክተሽ አዲሱን ሲባጎ ላኪልኝ። አባባ ከአራት ወር በላይ የቆየ የልጅ ልክ አያምንም ነበር፤ እኔም አላምንም።

ሱቁ ደህና ነው። ወገቤ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው። ተመለሺ።

ወንድምሽ

እትዬ፣ ይህችን እኔ ነኝ የጨመርኳት። ደህና ነው ያለው ሁሉ ደህና አይደለም። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ አስምሎኛል።
ቁልፍ ሰፊዋ


የካቲት 4

ወንድም ጋሼ፣

ይቅር በለኝ፤ ልብሶቹ ከደረሱ ሦስት ሳምንት አለፋቸው፣ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልህም። ጦርነት ላይ ነበርኩ።

ልክ ሆኗቸው እንደሆነ ጠይቀሃል። እንደ ቆዳቸው ነው የተቀመጠው። አንደኛው ልጅ አላወልቅም ብሎ ከነልብሱ ሻወር ገባ። ትልቋ ልጅ መስታወት ፊት ቆማ አልነሣም አለች። ወይዘሪት አንገትጌዋን ገልብጣ ቁልፏን ነካችና ወደ ጥግዋ ሄደች። ኃላፊዋ መጥታ አየች። ከዚያ «በየመደርደሪያው ደርድሪው» አለችኝ።

«አልደረድርም» አልኳት።

እጥፋቱን ይዛ «ይህ ሁሉ ጨርቅ ለምን ይታጠፋል? ልጅ ሲያድግ ወደሚቀጥለው መደርደሪያ ይሄዳል እኮ» አለችኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ያስባል? ሲነጋ ገብቼ ሳየው ራሷ በዓይን ግምት ደርድራዋለች። ልጆቹ ግን ተሰልፈው ገቡና እያንዳንዱ አንገትጌ መገልበጥ ጀመረ። የሁለተኛው መደርደሪያ ልጅ ልብሱን ከአራተኛው ያገኛል፣ የአራተኛው ከአምስተኛው፤ ይጯጯሃሉ፣ ይለዋወጣሉ። የትምህርት ቤት መኪና ግማሽ ሰዓት ጥሩምባ እየነፋ ቆመ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ ለኃላፊዋ የተናገረውን አጣቢዋ ልትነግረኝ አፈረች። በአራተኛው ቀን ኃላፊዋ አናጺ ጠርታ ግድግዳው ላይ ሃያ ሦስት ሚስማር አስመታች። እኔ ጣቴን አላነሣሁም፤ ልጆቹ ናቸው ያሸነፏት።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። በመጋቢት እመጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። ስድስት ወር እንዲጨመርልኝ አመልክቻለሁ። ኃላፊዋ እንደማትፈርም ፊት ለፊት ነግራኛለች፤ እኔም እንደማስፈርማት ነግሬያታለሁ። አትቆጣ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ዙር ሲባጎ ከዚህ ጋር አለልህ። ቁልፍ ሰፊዋ የጻፈችው ነገር ምን ማለት ነው? ሦስት ጊዜ ጠየቅሁህ፣ ሦስት ጊዜ ዘለልከው።

እህትህ


የካቲት 13

እታለሜ፣

ሰላምታ በሚቀጥለው ደብዳቤ። ተናድጃለሁ።

ስድስት ወር ይጨመርልኝ ማለትሽን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌዋለሁ። የተናደድኩት በሥራሽ ነው። አዲሱን ሲባጎ ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት። ሃያ ሁለቱ ልጆች አድገዋል፤ አንዱ ግማሽ ጣት፣ ሌላው አንድ ጣት፣ ያ ከነልብሱ የታጠበው ጉድ ጣት ተኩል። ባለ ካፖርት ቁልፏ ግን ክር ታህል አልጨመረችም። ጫፉ ከጫፉ፣ ቋጠሮው ከቋጠሮው ይገጥማል። ይህ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ልጅቷ አልለካም ስትልሽ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ቀሚሷን አውርደሽ ለክተሻል! አባባ በዚህች ጥፋት ብቻ ስንት ተለማማጅ እንዳባረረ ረሳሽው? «ሰው ለኩ፣ ልብስ አትለኩ» እያለ ሲጮህ ጆሮሽ የት ነበር? ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ እንዲህ ታደርጊያለሽ ብዬ አላሰብኩም።

እንደገና ለክተሽ ላኪ።

ወንድምሽ

እትዬ፣ ከዚህ የባሰ ነው የተናገረው። ግማሹን አለዝቤዋለሁ።
ቁልፍ ሰፊዋ


የካቲት 22

ወንድም ጋሼ፣

እኔም ሰላምታዬን አቆይቼዋለሁ።

ቀሚስ አልለካሁም። ልጅቷ በገዛ እግሯ መጥታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ተረከዟን አስጠግታ ቆማልኛለች። በእጄ ይዤ ለክቻታለሁ። አባባ ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ ነቅፎ የሚያወጣው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ነገር ከአንተ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስሕተቱ እዚያ ነው ያለው። መነጽርህን ጥረግና እንደገና እይ።

ደግሞስ ጣቱን መቀስ የጨረፈው ሰው ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ በሰው ያስጽፋል? ምን ሆነህ ነው?

ለንዴቴ ብዬ ትናንት ወይዘሪትን እንደገና ለካኋት። አጣቢዋን ምስክር አድርጌ አቁሜያት ነው። ልጅቷ እየለካኋት በቁሟ እንቅልፍ ወሰዳት። ሲባጎውን አሽጌልሃለሁ፤ ከአሮጌው ጋር አስተያየውና ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅ።

እህትህ


መጋቢት 2

እታለሜ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ባለፈው ያስቀረሁትንም ጨምሬልሻለሁ።

ሦስተኛው ሲባጎ ደረሰኝ። ከፊተኞቹ ሁለት ጋር አንድ ነው። ቀሚስ ለካሽ ብዬ ስለወነጀልኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ቃል ለአንቺ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ቁልፍ ሰፊዋ እየሳቀች ነው የምትጽፈው።

መነጽርህን ጥረግ ብለሽኛል። እታለሜ፣ መነጽሩን ካወለቅሁት ቆየሁ። ዓይኔ መደብዘዝ የጀመረው አንቺ ሳትሄጂ ነው። መርፌዬ ላይ ክር አስገቢልኝ ስልሽ ስንፍና መስሎሽ ትስቂ ነበር። አሁን ብርሃንን ከጨለማ እለያለሁ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል። «ተመለሺ፣ ተመለሺ» ስል የነበረው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱን ከምናገር ግን ምላሴን ብቆርጥ ይቀለኝ ነበር። ፈርቼ ነው። የሃያ ሦስቱን ልጆች ልብስ የቆረጥኩት በጣቴ እየዳበስኩ ነው። ተጣሞ የደረሰሽ ካለ ንገሪኝ። እንደሌለ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሲባጎውን ያየሁት በዓይኔ አይደለም። ሦስቱን ጎን ለጎን ወጥሬ ከላይ እስከ ታች በጥፍሬ ወረድኩባቸው። በየቋጠሮው ይገናኛሉ። አንቺ አልተሳሳትሽም፣ እኔም አልተሳሳትኩም። እንግዲያው ልጅቷ አላደገችም። የሰባት ዓመት ልጅ በአራት ወር ተኩል ክር ታህል ካልጨመረች አንድ ነገር አለባት። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ግን ልጅ ማደጉንና አለማደጉን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? ሄደሽ ጠይቂ። ዝም በይ ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው።

ወንድምሽ


መጋቢት 14

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እየሠራ ስለነበር ስቅስቅ ብዬ ማልቀሴን የሰማ የለም። ስንት ጊዜ ነው በአንተና በክርህ የሳቅኩት? ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። ልመጣልህ ነበር፤ በዚያው ቀን።

ሻንጣውን ከፍቼ ስቀመጥ ወይዘሪት ገባች። በሁለት ሹራብ ላይ የእኔን ፎጣ ደርባለች። ቀሚሷን አየሁት። አራት ጣት እጥፋቱ እንዳለ ነው፣ ጫፉ ጉልበቷ ላይ ነው፤ የሁሉም ከጉልበት ሲሸሽ የእሷ ካለበት አልተነቃነቀም። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ፣ በየቀኑ የማያት እኔ ነኝ፣ ያወቅኸው ግን አንተ ነህ። አፈርኩ።

አጣቢዋን በእጄም በአፌም ጠየቅኋት። ሳታስብ ሦስተኛውን መደርደሪያ አሳየችኝ፤ ሁለት ጣቷን አወጣች። ልጅቷ ወደዚህ ቤት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የለበሰችው ከሦስተኛው መደርደሪያ ነው። ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም፣ ልብስ አነሰኝ አትልም። የቤቱን ነርስ መዝገብ አስከፈትኩት። ቁመት በሚለው ዓምድ የሚጽፈው የመደርደሪያ ቁጥር ነው፤ ልብስ የሚታዘዘው በዚያ ስለሆነ ቀላል ሆኖለት ነው። የሌሎቹ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ይወጣል። የወይዘሪት ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ነው። አራት ጊዜ ተጽፎ፣ አራት ጊዜ ተፈርሞበታል።

ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። «ትንሽ ልጅ ናት፣ ትንሽ ልጆች አሉ» አለችኝ። ሐኪም ይያት አልኳት። የዓመቱ ምርመራ በሰኔ ነው አለችኝ። ሲባጎውን ነገርኳት። «ማስረጃሽ የት አለ?» አለች። ማስረጃዬ አንተ ሱቅ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አትጠይቀኝ። በማግስቱ ወይዘሪትን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አላስፈቀድኩም። አጣቢዋ ካውያዋን ነቅላ ተከተለችን፤ በቋንቋቸው የሚባለውን ያለችልኝ እሷ ናት። ሐኪሟ ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ አድርጋ እግሯ ሲነሣ አየች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ደም ቀዳች። ውጤቱ ሚያዝያ 3 ይደርሳል። ስንመለስ ኃላፊዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ያለችኝን ሁሉ አልሰማሁትም፤ «ልጅ ሰረቅሽ» የሚለውን ግን ሰምቼዋለሁ።

አሁን ከልጆቹ መኝታ አካባቢ ታግጃለሁ። አጣቢዋ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ማኅበሩ የመመለሻ ቲኬቴን ለመጋቢት 30 ልኮልኛል፤ ውጤቱ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው። ከሄድኩ ያንን ወረቀት የሚቀበል ሰው የለም፤ መዝገብ ውስጥ ይገባና ሦስት ተብሎ ይጻፍበታል። ከቀረሁ አንተ ጨለማ ውስጥ ብቻህን ነህ። እኔ ያለሁህ እህት አንድ ነኝ። ምን ላድርግ? አንተስ? እንደ ወትሮው እንዳትዘለው፤ የጠየቅሁህን መልስልኝ።

እህትህ


መጋቢት 22

እታለሜ፣

በአስቸኳይ ፖስታ ነው የምልከው፤ ቁልፍ ሰፊዋ ኮቷን ለብሳ ነው የምትጽፈው።

እንዳትመጪ።

«አንተስ?» ብለሻል። እኔ ምን ሆንኩ? ዓይኔ እንጂ እጄ አልጠፋ። መቁረጫ ጠረጴዛው የት ላይ እንደተሰነጠቀ አውቃለሁ፣ ሱቁ ውስጥ ስንት እርምጃ እንዳለ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሙሉ ሱፍ ቆርጫለሁ፤ ባለቤቱ ለብሶ እየተንጎራደደ ሄደ፣ ዓይኔን እንኳ ልብ አላለም። መጥተሽ ክንዴን ይዘሽ መንገድ ብታሻግሪኝ አልጠላም። ናፍቀሽኛል፤ እወቂው። ግን በእኔ አሳበሽ ያቺን ልጅ ጥግ ላይ ትተሻት ከመጣሽ በሩን አልከፍትልሽም። እንደማልከፍት ታውቂያለሽ።

ኃላፊዋ ማስረጃ ጠይቃለች አይደል? ይኸው። ሃያ ሦስቱ አሮጌ፣ ሃያ ሦስቱ አዲስ፣ የወይዘሪት ደግሞ አንድ ትርፍ። ሁሉንም ከሚስማሩ አውርጄዋለሁ፤ ከአባባ ጊዜ ጀምሮ የደንበኛ ሲባጎ ከዚህ ሱቅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፊው። ዓይኗን አታምኛት፤ ያቺን ልጅ ሁለት ዓመት አይታታለች። ዓይኗን ጨፍና ትዳስሰው።

ወንድምሽ

እትዬ፣ እንዳትመጪ ያለሽ እያለቀሰ ነው። ይህን ሰርዢው ብሎኛል፤ አልሰረዝኩትም። ለእሱ አታስቢ፣ እኔ አለሁ። ሲጨቃጨቀኝ እጨቃጨቀዋለሁ።
ቁልፍ ሰፊዋ


ሚያዝያ 9

ወንድም ጋሼ፣

ዝም በማለቴ እንዳትሰጋ፤ አለሁ። ያለሁትም እዚሁ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰው መጋቢት 30 ጠዋት ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሻንጣውን ተራምጄ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁና አርባ ሰባቱን ሲባጎ ወረቀቶቿ ላይ ዘረገፍኩት። ጥበቃውን ልትጠራ ስልኩን አነሣች። «ጥሪው። እሱ እስኪመጣ ግን ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት፤ አጣቢዋ በር ላይ ሆና ስብርባሪ ንግግሬን በቋንቋቸው አቃንታ ደገመችልኝ። አጣቢዋ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ኃላፊዋ ለምን እሺ እንዳለችኝ እስካሁን አላውቅም። ስልኩን አስቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የዚያን ከነልብሱ የታጠበውን ሁለት ሲባጎ ሰጠኋት። ጫፉ ላይ ስትደርስ አዲሱ ከአሮጌው አልፎ ከጣቷ አመለጠ። የትልቋን ሰጠኋት፤ እሱም አመለጠ። አምስት ልጅ፣ ስድስት ልጅ፤ ሁሉም አመለጠ። ከዚያ ባለ ካፖርት ቁልፉን ሦስቱን አስያዝኳት። በጥፍሯ ወረደች። ጫፉ ላይ ቆመች። ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ዓይኗን ሳትገልጥ «መዝገቡን አምጡልኝ» አለች።

ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ከአራቱም ሥር ያለው ፊርማ የእሷ ነው።

ጥበቃው መጣ፤ መልሳ ላከችው። መዝገቡን ዘግታ «ልጅቷን ሳታስፈቅጂ ወስደሻል» አለችኝ።

«ነገም ቢሆን እወስዳታለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና የስድስት ወር ፈቃዴን ፈረመችልኝ። የአጣቢዋንም ማስጠንቀቂያ ቀደደችው። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እንደማንዋደድ ሁለታችንም እናውቃለን። ወይዘሪትን ግን ውጤቱን ለመቀበል የወሰደቻት እሷ ራሷ ናት፤ እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። አንገቷ ውስጥ ያለ ዕጢ ሥራውን አቁሞ ነው። ሰውነትን የሚያሞቀውም የሚያሳድገውም እሱ ነው አሉን። የሚበርዳት፣ በቁሟ የምታንቀላፋው፣ እንደ ጨዋ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው ለዚህ ኖሯል። በየጠዋቱ አንዲት ክኒን፤ ዕድሜዋን ሙሉ። ሐኪሟ ከዚህ በላይ ቢቆይ ኖሮ ብላ ጀመረችና ተወችው፤ እኔም አልጨረስኩላትም።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ነርሱ ይሰጣታል፤ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ አያለሁ። ደስ አይለውም። ግድ የለኝም።

እህትህ


ነሐሴ 6

ወንድም ጋሼ፣

ረጅም ደብዳቤ አትጠብቅ። ወይዘሪት አጠገቤ ቆማ ፖስታውን የማሽገው እኔ ነኝ እያለች ትጨቃጨቀኛለች። አዎ፣ ትጨቃጨቃለች። ሹራቧን ጥላ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ትውላለች፤ ትናንት የወጥ ቤቱን መስኮት በኳስ ሰበረችው። ኃላፊዋ «ይቺ ልጅሽ አስቸጋሪ ሆናለች» ብላ ልትከሳት መጣች፤ ሳቋን መደበቅ አልቻለችም።

ሲባጎ ውስጡ አለልህ። ዛሬ ጠዋት የለካሁት ነው፤ የየካቲቱንም አብሬ መልሼልሃለሁ። ቀሚሱን እስካሁን አልነካሁትም። አንተ ሳትነግረኝ መቀስ አላነሣም።

እህትህ


ነሐሴ 15

እታለሜ፣

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ቁልፍ ሰፊዋ ወረቀቱ ላይ ሲባጎ ወጥራልኝ በእሱ ላይ ነው የምሄደው። መስመሩ ቢጣመም ቻይው።

ሁለቱን ወጠርኳቸው። አዲሱ ከአሮጌው አልፎ ከጣቴ አመለጠ። እንደገና ያዝኩት፣ እንደገና አመለጠ። ቁልፍ ሰፊዋን ጠርቼ አስያዝኳት፤ እሷም ጮኸች።

ሁለት ጣት ሙሉ ነው።

እጥፋቱን ፍቺላት።

ወንድምሽ